ሃያብለ የሚያድረው ምልክት

ጅቡቲ፣ ካርቲዬ 2
ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውዴ፣ ለባሌ እህት፣ ለእኔም እህት፤

ሰላምታዬ ለአንቺ፣ ለልጆችሽና ለአባባ ይድረስ። የአባባን ጉልበት በእኔ ስም ሳሚልኝ። ደብዳቤሽ በሾፌሩ በከበበው እጅ ደርሶኛል። ቶሎ ባለመመለሴ አትቀየሚኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ አንድ ገጽ ለመጨረስ ብዙ እቆያለሁ። ለምን አትደውዪም ላልሽው ሞክረነው አይተሻል። አንቺም አለቀስሽ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ካርዱ አለቀ። አንድም ነገር አልተነጋገርንም።

አልቅሰሽ ወጥቶልሻል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አልወጣልኝም። ልጄን ይዲድያን ከቀበርን በኋላ የማኅበራችን ሰዎች ድንኳን ሊጥሉልኝ መጥተው ነበር፤ እናንተ እንዳላችሁኝ መለስኳቸው። ጥቁርም አልለበስኩም። ከድሬዳዋ ጫትና አትክልት ይዘው የሚመጡት ነጋዴዎች በደጄ ነው የሚያልፉት። አንዷ ጥቁር ለብሼ ካየችኝ፣ ወሬው መርዶውን ከሚነግሩት ሽማግሌዎች ቀድሞ አባባ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ያንኑ አበባ አበባ ያለበትን ቀሚሴን ለብሼ ሄሮን ሰፈር ምግብ ወደማበስልበት ቤት እሄዳለሁ። ልጄ አንቴና ሊያቆም ወጥቶ የወደቀበት ሕንጻ መንገዴ ላይ ነው። በባሕሩ በኩል ዞሬ አልፋለሁ።

የባሌን መርዶ የሰሙ ቀን አባባ ልባቸው ከድቷቸው ሆስፒታል እንደከረሙ አልረሳሁም። ልጃቸውን ያጡ ሰው አሁን ደግሞ የልጅ ልጃቸውን አጡ። ሐኪሙ በርትተዋል እስኪል እንጠብቅ፣ መርዶ በስልክም በደብዳቤም አይነገርም፣ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው ስትሉኝ እሺ ያልኩት ለዚህ ነው። ግን ውዴ፣ ሬሳው የእኔ ነው። ልቅሶዬን ይዤ እስከ መቼ ልዙር?

አባባ «ልጁ ለምን ከቤት አይወጣም? ታሟል እንዴ?» ማለታቸውን ስትጽፊልኝ ሰላም አጣሁ። የሚያዩት እኮ ይዲድያ መኪናው ላይ የገጠመውን ሳጥን ነው። ይዲድያ እንዳስረዳኝ፣ ሳጥኑ የት እንዳለ ከሳተላይት ይሰማል። ከዚያ የይዲድያን የሬዲዮ ጥሪ ስም ይዞ «እዚህ ነኝ» እያለ በሬዲዮ ይናገራል። ጣሪያዬ ላይ ያለው አንቴና ይቀበለዋል፣ ኮምፒውተሩ ወደ ኢንተርኔት ያሳልፈዋል። እዚያ ድሬዳዋ በቡርቱካን ኢንተርኔት ቤት ካርታው ላይ የምታዩዋት ትንሽ መኪና የሳጥኑ ምልክት ናት። የአባባ ጆሮ ስልክ እምቢ ካለ ወዲህ «ካልሰሙኝ ይዩኝ» ብሎ ነው የሠራላቸው። ከሥሯም «ደህና ነኝ» የሚለውን ጽፎባታል።

አሁን ሳጥኑን ከመኪናው ነቅለውልኝ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ለዚህ ነው ምልክቱ አንድ ቦታ የቆመው። ማጥፋት አልቻልኩም። ካጠፋሁት አባባ ምን ሊሉ ነው? ካላጠፋሁትስ? ምከሪኝ። ቶሎ ጻፊ።

አሰፋሽ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰፋሽ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ይህን የምጽፈው ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ሥራዬ ላይ ሆኜ ነው። ከበበውንም ደብዳቤሽን እዚሁ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ፤ ቤት ከመጣ አባባ መነጽራቸውን ፍለጋ ይነሣሉ።

እትዬ፣ ምን አድርገሽ ነው? እኔ እኮ በዚያች ቁራጭ ወረቀት «አታጥፊው፣ ይቆይ» ብቻ ነው ያልኩሽ። ባለፈው ሰኞ አባባ ከቡርቱካን ቤት ሲመለሱ ከዘራቸውን እንደ ጎረምሳ እያወዛወዙ ነበር።

«ውዴ! ተነሥቷል!»

«ማን አባባ?»

«ማን ትለኛለች! ይዲድያ ነዋ! ባልባላ ደርሶ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ። ታሟል ስትሉኝ የከረማችሁ ሟርተኞች!»

ታሟል ያሉት እሳቸው እንጂ እኛ አልነበርንም። ቡርቱካንም ምንም አታውቅምና ማግስቱን «አባባ፣ ልጅዎ ከተሻለው ሻይ አይጋብዙንም?» ብትላቸው፣ ለኢንተርኔት ቤቱ ሰው ሁሉ ሻይ አዘዙ። እኔም ጠጣሁ።

የጠየቅሽኝን አልዘለልኩም። ሐኪሙን አነጋግሬዋለሁ፣ የገና በዓል ይለፍ ብሏል። ሽማግሌዎቹም ገና ይለፍ ብለዋል። አውቃለሁ፣ አንቺን ነው የምናስቸግረው። ይቅር በዪኝ። ግን ምን እንዳደረግሽ ንገሪኝ፤ ማን ነው የሚሄደው?

ውዴ


ጅቡቲ
ጥር 10 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውዴ፤

ገናን እንዴት አሳለፋችሁ? እኔን አትጠይቂኝ።

የሚሄደው ጀላሉዲን ነው። የይዲድያ ጓደኛ ነው፤ ባለፈው ዓመት ስትመጪ ከወደብ የወሰደሽ ቀጭኑ ልጅ። ከባልባላ ወደ መሃል ከተማ ሚኒባስ ይነዳል። አባባ «ታሟል እንዴ» አሉ ብለሽ ስትጽፊ ደንግጬ ሳጥኑን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ ወሰድኩለት።

«መኪናህ ላይ አስረው፣ ትንሽ ይንቀሳቀስ» አልኩት።

ሳጥኑን ሲያየው ዓይኑ ቀላ። «እማማ፣ ይሄ ነውር አይሆንም? በሱ ስም እኔ?»

«ነውር ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ለአባባ እስኪነገራቸው።»

«እሺ» አለኝ። ከሾፌር ወንበር ሥር አሰረው።

ኮምፒውተሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ። መብራት እዚህ ይሄዳል ይመጣል። ሲመለስ ይዲድያ እንዳሳየኝ አረንጓዴውን ቁልፍ እጫናለሁ፣ መብራቷ ብልጭ ብልጭ እስክትል ቆሜ አያለሁ። ሙቀት ስለማይወድ ያለችኝን የአየር ማራገቢያ ቬንቲላተር ወደ እሱ አዙሬያታለሁ። ሰው ቢያየኝ ያበድኩ ይመስለዋል። ልጇን ቀብራ ዕቃውን የምታናፍስ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የጀላሉዲን ሚኒባስ ቆሞ አገኘሁትና ገባሁ። ሳጥኑ ከፊቴ፣ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነበር። ባልባላ ደረስን፣ አልወረድኩም። ወደ ከተማ ተመለስን፣ አልወረድኩም። ጀላሉዲን በመስታወቱ ያየኛል። ረዳቱ «እማማ፣ መውረጃዎ የት ነው?» ሲለኝ ሌላ ሂሳብ ቆጥሬ ሰጠሁት።

ውዴ፣ ገና አልፏል። መቼ ነው? ቀኑን ቁረጡልኝ።

አሰፋሽ


ድሬዳዋ
የካቲት 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰፋሽ፤

በጾሙ እግዚአብሔር ያበርታሽ። የዘገየሁት ጨክኜብሽ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ከጥምቀት በኋላ አሉ፤ ጥምቀት ሲያልፍ አንደኛው ወደ ሐረር ሄዱ፤ ተመልሰው ሲመጡ ጾም ገባ። አሁን ደግሞ «በጾም ሆዱ ባዶ ለሆነ ሽማግሌ እንዴት ይነገራል» ይላሉ። እኔም ሰልችቶኛል፣ ግን ብቻዬን ልነግራቸው አልችልም።

አዲስ ነገር መጥቷል። ሐሙስ ማታ እራት ላይ አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ውዴ፣ ልጁ የት ነው የሚያድረው?»

«ቤቱ ነዋ።»

«ቤቱ ካርቲዬ ሁለት ነው። መኪናው ግን ሃያብለ ሰፈር ነው የሚያድረው። ከገና በፊት ጀምሮ።»

«ሥራ ይሆናላ አባባ።»

«ቆይ። ዓርብ ዓርብ በምሳ ሰዓት የት እንደሚቆምስ ታውቂያለሽ? ቡርቱካን ከላይ የተነሣውን ፎቶ አጉልታ አሳየችኝ። መስጊድ በር ላይ!»

«ማቆሚያ አጥቶ ነው።»

«በየሳምንቱ? እሑድስ? እሑድ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ አያውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ሽር ሽር ነው። እኔ ዕድሜዬን ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ላይ ነው የጨረስኩት። ባቡር የሚቆምበትን አይቼ የጫነውን አውቃለሁ። ሴት አለች። የእስላም ልጅ አግብቶ ሰልሟል። እናቱም አብራ ደብቃኛለች!»

እትዬ፣ ልስቅ አልኩ፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አሁን ቤት ውስጥ አያናግሩኝም። በኔ በኩል የላኩብሽ ይህ ብቻ ነው፣ ቃላቸው ነው፦ «አሰፋሽ ሌላ ሐተታ እንዳትጽፍልኝ። ልጁ ሃያብለ ትዳር አለው ወይስ የለውም? አንድ ቃል ብቻ።»

ምን ትያለሽ? እኔ አላውቅም።

ውዴ


ጅቡቲ
መጋቢት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውዴ፤

ሁለት ወረቀት ነው የላክሁት። ይህ የአንቺ ነው። የታጠፈውን ትንሹን ለአባባ ስጪ። ከመስጠትሽ በፊት እንደምታነቢው አውቃለሁ፤ አንብቢው።

የለውም ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። የለውም ካልኩ «ታዲያ የት ነው የሚያድረው?» ይላሉ። ቤቱ ነው ካልኩ በካርታ ያዩትን ሊክዱ ነው። አላውቅም ካልኩ እናቱ ሆኜ እንዴት? ጀላሉዲን ሳጥኑን ማታ ማታ ፈትቶ ይምጣልኝ ብል፣ የቀን ሥራ ጨርሶ ከሃያብለ እዚህ ድረስ? እሱም ሰው ነው። ቤቱ ሃያብለ ነው፤ ሚስት አለችው፣ ዘቢባ ትባላለች፤ ጥርስ የምታወጣ ሕፃንም አለቻቸው።

ስለዚህ «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

አሁን የምነግርሽን ለማንም እንዳትነግሪ። ወረቀቱን አጥፌ ስነሣ እግሬ ቀለለኝ። የዚያን ቀን ልጄ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሃያብለ ቤት አለው፣ እራት ቀርቦለታል፣ አልጋው ላይ ተኝቷል ብዬ ተኛሁ። ስነሣ ግን ትራሴን በጥርሴ ነክሼው አገኘሁት።

ፋሲካ እንዳለፈ ይነገራቸው። እለምንሻለሁ።

አሰፋሽ


ድሬዳዋ
ሚያዝያ 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰፋሽ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ ልል ብዕሬን አነሣሁና አፈርኩ። ያደረሰን ያው ነው።

አባባ ያንቺን ቃል በማጉያ መነጽር አነበቡ፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ስቅለት ዕለት ከስግደት በፊት ካርታውን ሊያዩ ሄዱ። መኪናዋ ከባልባላ ከተማ፣ ከከተማ ባልባላ ትሯሯጣለች። «በስቅለት!» ብለው ተመልሰው ተኙ። ከዚያ በፋሲካ ጠዋት ነጭ ለብሰው ሳሎን መጡና፣

«ክርስቶስ ተነሥቶ እኔ ተኮራርፌ ልቀመጥ? በዚያ ባቡር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ፉርጎ ነበር የሚሳፈረው። አንድም ቀን ባቡሩ ከሐዲድ አልወጣም» አሉ።

«አልተቆጡም ማለት ነው?»

«ተቆጥቼ ነበር። አለቀ። ሕፃኑ ወንድ ነው ሴት?»

«ሕፃን እንዳለ ማን ነገረዎት?»

«ሕፃን ባይኖር ኖሮ ይደብቁኝ ነበር? እዚህ ድረስ የሚያስደብቅ ነገር ሕፃን ነው!»

አሁን ለሕፃኑ ጋቢ እያሸመኑ ነው፤ ትንሽ፣ ጥለቱ ቀይ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎት ይላቸዋል፤ እሳቸውም «የልጅ ልጄ ልጅ» እያሉ ያወራሉ። ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው «ይሄ ሰውዬ እንዲህ ሲደሰት አይቼው አላውቅም፣ አሁን ማን ደፍሮ?» ብለው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። እትዬ፣ ሽማግሌ የለኝም።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። እኔም ሸማኔው ቤት ሄጄ ጥለቱን ሳይ፣ ሕፃኑ የሌለ መሆኑ ለአፍታ ጠፋኝ። ደስ አለኝ።

ውዴ


ጅቡቲ
ግንቦት 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውዴ፤

በቃ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ስሠራ ዋልኩ። ሽንኩርት ስከትፍ የማስበው ለዚያ ሕፃን ከሄሮን የሕፃን ልብስ ሱቅ ምን እንደምገዛ ነበር። ኮፍያ ይሁን ጫማ? እመቤቲቱ «አሰፋሽ፣ ምን ያስቅሻል?» አሉኝ። እኔ! ልጄ እዚህ ድንጋይ ሥር ተኝቶ፣ እናቱ አንድ ቀን ስሙን ጠርታ ሳትጮህለት፣ እኔ ለሌለው ልጁ ጫማ እመርጣለሁ። ቢላዋውን አስቀምጬ ወጣሁ። የት እንደሄድኩ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ወደቡ አጥር ላይ ተደግፌ ነው።

ሽማግሌ ከሌለሽ እኔ እመጣለሁ። የድንበር ማለፊያ ወረቀቴን ለማሳደስ አስገብቻለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ይሰጡኛል። እዚህ ካለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ቄስ አብረውኝ ይመጣሉ። ሐኪሙ ሠፈር ውስጥ መሆኑን ብቻ አረጋግጪ። ከእኔ ቀድማችሁ አንድም ቃል እንዳታወጡ። እኔ ነኝ የዋሸኋቸው፣ እኔ ነኝ የምነግራቸው።

ጀላሉዲን እኔ በወጣሁ ቀን ሳጥኑን ይፈታዋል። «እስከዚያው ልፍታው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ከፈታው አባባ ይደነግጣሉ፣ እኔ ሳልደርስ አንድ ነገር ይሆናሉ ብዬ አይሆንም አልኩት።

ሙቀቱ ገብቷል። መቀመጥ አልቻልኩም፤ ይህችን ወረቀት እንኳ አራት ጊዜ ተነሥቼ ነው የጨረስኳት።

አሰፋሽ


ድሬዳዋ
ግንቦት 19 ቀን 2001 ዓ.ም.

እትዬ፤

ስልክሽን ከጠዋት ጀምሬ ብደውል ዝግ ነው። ከበበው አሁን ስለሚነሣ በችኮላ ነው።

አባባ የሉም። በሌሊቱ ባቡር ሄደዋል። የጣቢያው ሰዎች እንደ ጥንቱ ባልደረባ አክብረው ወንበር ሰጥተዋቸዋል፣ ማንም አልከለከላቸውም። ጋቢውን ይዘዋል። ቡርቱካን ትናንት ሃያብለን አጉልታ ካርታውን በወረቀት አትማላቸዋለች፤ መኪናዋ የምታድርበትን ቤት በቀይ ከብባ። «የልጅ ልጄን ልጅ ልስም ነው፣ ለውዴ አትንገሪ፣ ታስቀረኛለች» ብለዋታል።

ወደ አንቺ ቤት አይደለም የሚመጡት። ወደዚያ ቤት ነው። እትዬ ድረሺ።

ውዴ


ጅቡቲ፣ ሃያብለ
ሰኔ 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውዴ፤

በስልክ «ተገኝተዋል፣ ተነግሯቸዋል፣ ደህና ናቸው» ከማለት በቀር መናገር አልቻልኩም። እንዴት ሆነ፣ ማን ነገራቸው ብለሽ ዝርዝሩን ጠይቀሻል። ቀስ ብዬ ልጻፍልሽ። አሁን ጊዜ አለኝ።

ዘቢባ ልብስ እያሰጣች ነበር አሉ። ኮትና ከረባት ያደረጉ ሽማግሌ በቆርቆሮው በር ላይ ቆመው በሶማልኛ ሰላም አሏት። ወረቀታቸውን ለመንገደኛው ሁሉ እያሳዩ ነው የደረሱት። እሷ ደግሞ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ናትና በአማርኛ መለሰችላቸው።

«የድሬ ልጅ ነሽ?»

«አዎ አባባ፣ ገንደ ቆሬ።»

«እዚያው ጎረቤቴ ሆነሽ ነው የደበቃችሁኝ! እኔ አያትየው ነኝ። አልተቆጣሁም። ልጁን አምጪው።»

ዘቢባ ማን እንደሆኑ ወዲያው ገባት። የሳጥኑን ነገር ታውቃለች። ኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «እማማ፣ አይደለም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከመንገድ የመጣ ሰው፣ ላቡ ያልደረቀ፣ ውሃ ያልቀመሰ። እኛም ዘንድ እንዲህ አይነገርም።» አስገብታ ጥላ ውስጥ አስቀመጠቻቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ልጇን ሁዳን ጭናቸው ላይ አኖረቻት። አባባ አገላብጠው አይተዋት «አፍንጫዋ የኛ ነው» አሉ። ከዚያ ጋቢውን አልብሰዋት ሁለቱም አንቀላፉ።

ጀላሉዲን እየሮጠ መጣብኝ። «እማማ፣ አያትየው ቤቴ ናቸው።» የዚያን ጊዜ ያንቺ ደብዳቤ ገና መንገድ ላይ ነው። ስልኬም መብራት ጠፍቶ ሞቶ ነበር። ልሩጥ ስል ያዘኝ። «ዘቢባ ዛሬ አትምጪ ብላለች። በልተው ይደሩ። ባልሽ የት ነው ሲሏት ለሥራ አርታ ሄዷል፣ በጠዋት ይመጣል ብላቸዋለች» አለኝ። እሱም ጎረቤት አደረ። ከሰው ሁሉ፣ የእኛን ወግ የጠበቀችልን እሷ ናት።

ሲነጋጋ ጥቁሬን ከልብስ ሳጥኔ አወጣሁ። ለባሌ ልቅሶ የለበስኩት ነው፣ ወገቡ ሰፍቶኛል። ቄሱ መጡ። ሃያብለ ስንደርስ ከመስጊድ የወጡ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከጀላሉዲን ጋር በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ማንም አልጠራቸውም፣ ሰምተው ነው የመጡት። አብረን ገባን።

አባባ ነቅተው ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አድርገዋል። ሕፃኗ አጠገባቸው ተኝታለች። ቄሱን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ መጨረሻ ላይ ልብሴን አዩ።

«እሱ ነው?» አሉ።

ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብዬ «እሱ ነው አባባ» አልኩ።

«መቼ?»

«ጥቅምት ላይ። ከጣሪያ ወድቆ።»

እጃቸው ወደ ደረታቸው ሲሄድ አየሁና ልደግፋቸው ዘለልኩ። መሐረባቸውን ከኪስ ሊያወጡ ነበር።

«ታዲያ ማን ነበር የሚሄደው?»

ጀላሉዲን ከሰው መሃል ወጥቶ ፊታቸው ተንበረከከ። «እኔ ነኝ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

አገጩን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «ከባልባላ ስትወርድ ፍጥነት ታበዛለህ» አሉት። «ካርታው ፍጥነትህን ይጽፋል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ስትደርስ በየቀኑ ነው የምጸልይልህ። ሁለተኛ እንደዚያ እንዳትነዳ።»

«እሺ አባባ።»

«ልጅ አለህ።»

«እሺ አባባ።»

ከዚያ መሐረቡን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ያን ጊዜ ነው የጮህኩት። ውዴ፣ ድምፄን አላወቅሁትም። ከጥቅምት ጀምሮ የያዝኩት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። «ልጄ» አልኩ፣ «ይዲድያ» አልኩ፣ ደረቴን መታሁ። ዘቢባ ወገቤን ይዛ አብራኝ አለቀሰች። ሕፃኗ ነቅታ እሷም ለቅሶዋን አቀለጠችው። የሃያብለ ሴቶች ምንጣፍ ይዘው መጡ። ከካርቲዬ 2 የማኅበራችን ሰዎች በጀላሉዲን ሚኒባስ እየተመላለሱ ደረሱ። ድንኳኑ እዚሁ ሃያብለ ተጣለ። እስካሁንም እዚሁ ነን፤ ቤቴ ይህን ሁሉ ሰው የሚችል ደጅ የለውም።

በሦስተኛው ቀን አባባ ማሽኑን አሳዪኝ አሉኝና ቤት ወሰድኳቸው። ሳጥኑ ተፈትቶ ነበር። «የሞተ ሰው የጥሪ ስም በአየር ላይ አይቆይም፣ ለሌላም አይሰጥም» አሉ። በጣታቸው ጠረጴዛውን ረዘም አጠር አድርገው መቱት። ምንድን ነው አልኳቸው። «መስመር ሲዘጋ በቴሌግራፍ እንዲህ ይባላል። ድሮ በየማታው እለው ነበር» አሉ። ከዚያ «አንቺ አጥፊው» አሉኝ። አጠፋሁት። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ተቆጥተውኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ተቆጥተዋል፣ አልዋሽሽም። እኔንም ለሁለት ቀን አላናገሩኝም። ትናንት ግን ጀላሉዲን አጠገብ ጋቢና ተቀምጠው ከተማ ወርደው ተመለሱና «ውዴ ለብቻዋ ነው የማነጋግራት፣ ሟርተኛ ያልኳት አንሷታል» አሉ። ሲቀልዱ እንዴት እንደሆኑ ታውቂያለሽ። ልባቸውን እዚህ ያለ ሐኪም አይቶታል። ደክሟል፣ ግን አልከዳቸውም።

ለምን ቀድመን አልነገርናቸውም እያልኩ አሁን ራሴን አልበላም። ጊዜዬ የልቅሶ ነው።

አንቺም ነይ። አርባው አልፏል፣ ሰማንያውም አልፏል፣ እኛ ግን ገና መጀመራችን ነው። ከበበው ሐሙስ ይነሣል፣ ከሱ ጋር ነይ። ጥቁርሽን በሻንጣ እንዳታደርጊው፤ ከድሬዳዋ ለብሰሽ ውጪ። ድንበሩ ላይ፣ ደዋሌ፣ ነጋዴዎቹ ያውቁሻል፣ «ማን ሞቶብሽ ነው?» ብለው ይከቡሻል። ዓይንሽን እንዳትሰብሪ። ቆመሽ ንገሪያቸው። በስሙ ጥሪው።

የይዲድያ እናት
አሰፋሽ